የእርቅ ማሰሪያ የሆኑት ልጅ፦ የንግሥት ዘውዲቱ ሕይወት



የንግሥት ዘውዲቱን ስም የማታውቅ በመካከላችን ያለች አይመስለኝም። አንዳንዶቻችን ለሕክምና አዲስ አበባ ስንሄድ በስማቸው በተሰየመው ሆስፒታል ደጅ ተሰልፈናል፤ ልጆቻችንም በታሪክ መጽሐፋቸው አግኝተዋቸዋል። የእኛው ደጋ ልጅ መሆናቸውን ግን ብዙ ሰው አያስታውሰውም። የተወለዱት እነዋሪ ነው፤ ከመርሐቤቴ ጀማን ተሻግሮ፣ በሰንጋው በታወቀው በሞረትና ጅሩ አገር።

የሕይወታቸውን ታሪክ ለዚህ እትም የመረጥኩት በአንድ ምክንያት ነው። ማኅበራችን ከቁጠባውና ከብድሩ ጎን ለጎን ጠብ ያስታርቃል። ባልና ሚስት ይቀርባሉ፤ የድንበርና የውርስ ክርክር ይቀርባል፤ አንዳንዴም ደም የተቃቡ ቤተ ዘመዶች ይቀርባሉ። እርቁ ሲያልቅ ይመረቃል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ሽማግሌዎቹም ተነሥተው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። እርቅ ደም ያድርቅ ይባላል፤ እውነት ነው። ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ግን የታረቁት ሰዎች በዚያ ስምምነት ውስጥ እንዴት እንደሚኖሩ ብዙም አንነጋገርም። ንግሥት ዘውዲቱ ከሕፃንነታቸው እስከ ሞታቸው ሌሎች ሰዎች ባደረጉት እርቅና ስምምነት ውስጥ የኖሩ ሴት ናቸው። ስለዚህ ስለ ሽምግልና ፍሬም ሆነ ስለ ዋጋው ከእርሳቸው የምንማረው አለ።

የድንጋዩ እርቅ

ዘውዲቱ የተወለዱት በሚያዝያ ወር 1868 ዓ.ም. ነው። አባታቸው በዚያን ጊዜ የሸዋ ገዥ የነበሩት ምኒልክ፣ እናታቸው ደግሞ የወሎ ባላባት ወገን የሆኑት ወይዘሮ አብጪ ናቸው። የክርስትና ስማቸው አስካለ ማርያም ነው። እናትና አባታቸው ገና በሕፃንነታቸው ስለተለያዩ ያደጉት በአባታቸው ቤት፣ በወይዘሮ ባፈና እጅ ነው።

ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው በሸዋ ላይ ከባድ ነገር መጣ። ከሰሜን አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊታቸውን ይዘው ገቡ። ምኒልክ ራሳቸውን ንጉሠ ነገሥት ብለው ይጠሩ ስለነበር ሁለት ንጉሠ ነገሥት ባንድ አገር ሊኖር አልቻለም። ሁለቱ ሠራዊት ቢጋጠም ኖሮ የሚያልቀው የሸዋና የትግራይ ገበሬ ነበር። በመካከል የሃይማኖት አባቶች ገቡ፤ መልእክት ተመላለሰ። በመጋቢት 1870 ዓ.ም. ምኒልክ እንደ አገሩ የእርቅ ሥርዓት ድንጋይ ተሸክመው በአፄ ዮሐንስ ፊት ቀረቡ። የንጉሠ ነገሥትነቱን ስም ተዉ፣ ግብር ለመክፈል ተስማሙ፤ አፄ ዮሐንስም በበኩላቸው የሸዋ ንጉሥ አድርገው ዘውድ ጫኑላቸው። ይህ በታሪክ የልቼ ስምምነት የሚባለው ነው። ልቼ ከደብረ ብርሃን አጠገብ ያለች፣ በዚያን ጊዜ የምኒልክ ከተማ የነበረች ስፍራ ናት።

ድንጋይ መሸከም ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። በእኛ አገር በዳይ አንገቱን ደፍቶ፣ ድንጋይ በጫንቃው አድርጎ ሲቀርብ ተበዳይ ድንጋዩን ያወርድለታል። ድንጋዩን ያወረደ ሰው ቂሙንም አብሮ አወረደ ማለት ነው። በልቼ የሆነውም ይህ ነበር። ተሸካሚው ተዋርዶ አልቀረም፤ ንጉሥ ሆኖ ተመለሰ። ታላቅ ጦርነትም ቀረ። ለዚህ እርቅ ሊሰጠው የሚገባውን ክብር መንፈግ አይገባም።

የዚያ እርቅ ዕዳ ግን በስፍራው ባልነበሩ ሰዎች ላይም ወደቀ። ከልቼ ጥቂት ወራት ቆይቶ በወሎ ቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ ተደረገ፤ የወሎ ሙስሊም ባላባቶችም ክርስትና እንዲነሡ ታዘዙ። ከእነዚህ አንዱ መሐመድ አሊ የሚባሉት ወጣት መኮንን ነበሩ። ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። ይህን ስም እኅቶቼ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የስድስት ዓመቷ ሙሽራ

በ1874 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እምባቦ ላይ ተዋጉ። ሁለቱም የአፄ ዮሐንስ ንጉሦች ነበሩና ንጉሠ ነገሥቱ ተቆጡ፤ ሁለቱንም ጠርተው ዳኙ፣ ከሁለቱም ላይ ቀጡ። ከዚያ በኋላ ዳግም ጠብ እንዳይነሣ በአፄ ዮሐንስና በንጉሥ ምኒልክ መካከል የጋብቻ ዝምድና እንዲፈጠር ተስማሙ። የአፄ ዮሐንስ ልጅ ራስ አርአያ ሥላሴ የንጉሥ ምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን እንዲያገቡ ሆነ። ሠርጉ በጥቅምት 1875 ዓ.ም. ተደገሰ።

ሙሽራዋ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ።

በዘመኑ ነገሩ እንግዳ አልነበረም። ሁለት ቤት ሲታረቅ ልጅ መስጠትና ልጅ መቀበል የቆየ ልማድ ነው፤ ደም እንዳይመለስ በደም ፈንታ ዝምድና ይገባበታል ይባላል። ሽማግሌ ዋስ ሊጠራ ይችላል፣ መሐላ ሊያስምል ይችላል፤ ከሁሉ የጸናው ማሰሪያ ግን የልጅ ልጅ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ነገር ግን በሁለቱ ነገሥታት መካከል የነበረውን ስምምነት በአካሏ የተሸከመችው አንዲት ሕፃን መሆንዋን ማሰብ ይገባል። አባቷ ድንጋዩን ለጥቂት ጊዜ ተሸክመው አወረዱት። የእርሷ ሸክም ግን ከእነዋሪና ከልቼ እስከ መቀሌ የሚወስድ፣ ወራጅ የሌለው ነበር።

በመቀሌ ስድስት ዓመት ያህል ኖሩ። ከራስ አርአያ ልጅ አልወለዱም፤ ራስ አርአያ ከሌላ ሴት ወንድ ልጅ ነበራቸው። በሰኔ 1880 ዓ.ም. ራስ አርአያ በፈንጣጣ ታመው ሞቱ። ዘውዲቱ በ12 ዓመታቸው ባል የሞተባቸው ሴት ሆኑ።

የሁለት ቤት ልጅ

የዚህን ጋብቻ ክፉ ጎን ብቻ ብናይ ግን ታሪኩን እናጎድለዋለን። ራስ አርአያ ሲሞቱ አፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ ዳግመኛ ተቀያይመው ነበር፤ የልቼው እርቅ ሊፈርስ ደርሶ ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ የጠላት ልጅ ተብለው መያዣ ሆነው ሊቀሩ ይችሉ ነበር። አማታቸው አፄ ዮሐንስ ግን ብዙ ጥሩ ጥሩ ከብት ሰጥተው በክብር ወደ አባታቸው አገር ሸኟቸው። ሁለት ወንዶች ሲኮራረፉ በሁለቱም ቤት የተወደደች አንዲት ልጅ ነበረች ማለት ነው። የወንዶቹ እርቅ ሲላላ የእርሳቸው ዝምድና አልላላም። ከሁለቱም ቤት ጋር በፍቅር መኖርን በልጅነታቸው የተማሩ ይመስለኛል፤ ከዚያም በኋላ በሕይወታቸው ሁሉ ሲያደርጉት እናያቸዋለን።

ወደ ሸዋ ከተመለሱ በኋላ ሁለት ጊዜ አግብተው ጋብቻዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ፈረሱ። ከአድዋ ድል ጥቂት ዓመታት በኋላ የእቴጌ ጣይቱን የወንድም ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌን አገቡ። ይህም ቢሆን በአባትና በእንጀራ እናት ቤት መካከል የተደረገ የዝምድና ማጠናከሪያ ነበር። ልዩነቱ ይህኛው ጋብቻ ፍቅር የነበረበት መሆኑ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ሁሉ ይህን ይመሰክራል። ለእርሳቸው በሕይወት የቆየ ልጅ ግን አልነበራቸውም።

ቶራ መስክ

አፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። የተተኩት የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ናቸው። የልጅ ኢያሱ እናት ወይዘሮ ሸዋረጋ የዘውዲቱ እኅት ነበሩ፤ አባታቸውስ? በቦሩ ሜዳ ክርስትና የተነሡት ሚካኤል ናቸው፤ አሁን የወሎ ንጉሥ ሆነዋል። ልጅ ኢያሱ አክስታቸውን ከዋና ከተማው አርቀው በገጠር እንዲቀመጡ አደረጉ።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የሸዋ መኳንንትና ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ልጅ ኢያሱን ወደ እስልምና አዘንብለዋል በሚል ክስ ከሥልጣን አውርደው ዘውዲቱን ንግሥት ብለው ጠሩ። ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ሲሉ ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ገሠገሡ። በጥቅምት ወር በመንዝ ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑል ሰገድ ገጥመዋቸው ከብዙ ወታደሮቻቸው ጋር አለቁ። ጥቅምት 17 ቀን ደግሞ ሰገሌ ሜዳ ላይ ሸዋ አሸነፈ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ።

ከሰገሌ በኋላ ጃን ሜዳ ላይ በድሉ በዓል ንጉሥ ሚካኤል በሰንሰለት ታስረው፣ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው በንግሥቲቱ ፊት እንዲያልፉ ተደረገ። እኅቶቼ፣ እስቲ ይህን ከልቼው ጋር አስተያዩት። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው። በልቼ ግን በሽማግሌ መካከለኝነት፣ በፈቃድ የተሸከሙት ነበር፤ ተቀባዩም አወረደው። በጃን ሜዳ ግን ያሸከመው ድል አድራጊ ነው፤ ያወረደውም አልነበረም። ንጉሥ ሚካኤል በእስር ሁለት ዓመት ያህል ቆይተው ሞቱ። ከዙፋኑ ላይ ሆነው የተመለከቱት ዘውዲቱ ደግሞ ለሚካኤል የሚስታቸው እኅት ነበሩ። የእርቅ ምልክቱ ብቻ ሲቀርና እርቁ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም።

ዘውድ በስምምነት

ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ንግሥተ ነገሥታት ተብለው ዘውድ ጫኑ። በአገራችን በዘመናችን ታሪክ በራሳቸው ስም የነገሡ ሴት እርሳቸው ብቻ ናቸው። ዘውዱ ግን በስምምነት የተሰጠ ነበር። ዙፋኑ ለዘውዲቱ፣ አልጋ ወራሽነቱና እንደራሴነቱ ለራስ ተፈሪ መኮንን፣ ጦሩ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ እጅ፤ አቡነ ማቴዎስም በመካከል። ማንም ብቻውን እንዳይገንን ተብሎ ሥልጣኑ ተከፋፈለ።

በስምምነቱ ውስጥ አንድ ነገር ተጨመረ። ራስ ጉግሣ ከሚስታቸው ተለይተው ወደ በጌምድር ገዥ ሆነው እንዲሄዱ ተደረገ። መኳንንቱ የእቴጌ ጣይቱ ወገን ተመልሶ ቤተ መንግሥቱን እንዳይዝ ፈርተው ነበርና። በስድስት ዓመታቸው ለስምምነት ሲባል ተድረው ነበር፤ በ40 ዓመታቸው ደግሞ ለስምምነት ሲባል ከሚወዱት ባላቸው ተለዩ። ንግሥት መሆናቸው ከዚህ አላዳናቸውም።

ልጅ ኢያሱ ከአምስት ዓመት ያህል በኋላ ተይዘው በፍቼ በራስ ካሣ ጥበቃ ሥር ሲቀመጡ ንግሥቲቱ የእኅታቸው ልጅ በእርሳቸው ቤት እንዲቀመጡ ለምነው እንደነበር ይነገራል። አልተፈቀደላቸውም። ይሁን እንጂ ጥሩ ምግብና ልብስ ወደ ፍቼ ያስልኩ እንደነበር ይተረካል። ከተማ ያስወጣቸውን፣ ዙፋኑ የእርሳቸው የሆነውን ሰው ማለት ነው። ይህ በመቀሌ በልጅነት የተማሩት ነው፤ ጠብ በሁለት ቤት መካከል ሲገባ ከዘመድ አለመለየት።

ዋሶቹ ሲሞቱ

ይህ የሥልጣን ስምምነት አሥር ዓመት ያህል ጸንቶ ቆየ። የጸናበት ምክንያት ሁለት ታላላቅ ዋሶች ስለነበሩት ነው፤ አቡነ ማቴዎስና ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ። የአንዱ ወገን ሲያይል ሌላውን የሚደግፍ፣ የተቆጣውን የሚያበርድ እነርሱ ነበሩ። ሁለቱም በ1919 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በቀናት ልዩነት ሞቱ። ከዚያ በኋላ ሚዛኑን የሚይዝ ጠፋ። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በመስከረም 1921 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ወታደር እስኪፋጠጥ ተደረሰ፤ በመጨረሻም መስከረም 27 ቀን ንግሥቲቱ በገዛ እጃቸው ለተፈሪ የንጉሥነት ዘውድ ጫኑላቸው።

ይህን የምጽፈው ለማን እንደፈረደ ለመናገር አይደለም። ማንኛውም እርቅ ያለ ዋስ እንደማይቆም ግን እናንተም በየቀያችሁ ታውቁታላችሁ። ያስታረቀው ሽማግሌ ሲሞት፣ ወይም አገር ሲለቅ፣ የታረቁት ልጆች በአባቶቻቸው ጠብ ሲጋጩ አይተናል። ዋስ ሲሞት ሌላ ዋስ የሚተካበት ወግ ካልተበጀ እርቁ ከዋሱ ጋር ይቀበራል።

የመጨረሻው ልመና

ራስ ጉግሣ በበጌምድር ሆነው ይህን ሁሉ ያዩ ነበር። በ1922 ዓ.ም. በንጉሥ ተፈሪ ላይ ተነሡ። ንግሥቲቱ ጦሩን እንዲተዉ ደጋግመው ለመኑ፣ አዘዙም። ከባላቸው ወገን ቢሆኑ የነገሡበት ስምምነት ይፈርሳል፤ ከንጉሡ ወገን ቢሆኑ ባላቸው ይሞታል። በሁለት ቤት መካከል የመቆም ዕጣቸው በስተርጅናም አልተዋቸውም።

በጥንቱ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ካህናት መስቀል ይዘው በሁለቱ ጦር መካከል ይገቡ ነበር፤ አልታረቅም ያለውን ይገዝቱ ነበር። በዚህ ጊዜም ግዝት ነበረ፤ የመጣው ግን በአውሮፕላን ነው። የጳጳሳቱ የግዝት ወረቀት በራስ ጉግሣ ሠራዊት ላይ ከሰማይ ተበተነ፤ ከወረቀቱም በኋላ ቦምብ ተከተለ። መጋቢት 22 ቀን አንቺም ላይ ራስ ጉግሣ ወደቁ።

ንግሥት ዘውዲቱ መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ዐረፉ። ቀድሞም በጠና ታመው ነበር፤ የባላቸውን ሞት ሰምተው ነው ያረፉት፣ ሳይሰሙ ነው የሚለው እስከ ዛሬ በተለያየ መንገድ ይተረካል። በመካከሉ የነበረው ሁለት ቀን ብቻ ነው። የተቀበሩት አዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ገዳም ከአባታቸው አጠገብ ነው።

ለእኛ ሥራ

ዛሬ በአገራችን ሕግ የጋብቻ ዕድሜ በመደበኛነት 18 ዓመት ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34ም ጋብቻ በተጋቢዎቹ ሙሉና ነጻ ፈቃድ ብቻ እንደሚመሠረት ተጽፏል። ስለዚህ ማንም ሽማግሌ ልጅን ለእርቅ ማሰሪያ ሊያደርግ አይችልም። ነገሩ በመልኩ ቢለወጥም በመንፈሱ ግን አልጠፋም። በባልና በሚስት ጠብ ሽማግሌ ሲቀመጥ ለልጆቹ ሲባል፣ ለዘመድ ሲባል፣ ለአገር ወሬ ሲባል ሴቲቱ እንድትመለስ የሚጠየቅበት ጊዜ ብዙ ነው። እሺ ትላለች። ሽማግሌው መርቆ ይነሣል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የተባለው ለእንዲህ ያለው እሺታ ነው።

ከንግሥቲቱ ታሪክ ለማኅበራችን የሽምግልና ኮሚቴ አራት ነገር ይገባናል ብዬ አስባለሁ፤ በሚቀጥለው ስብሰባችን ብንነጋገርበት ደስ ይለኛል።

አንደኛ፣ እርቁን የምትሸከመዋን ሴት ለብቻዋ እንጠይቃት፤ በጉባኤ ፊት ሳይሆን ከሁለት እኅቶች ጋር ተቀምጣ ትናገር። ሁለተኛ፣ ድንጋዩን ማን እንዳሸከመ እንመርምር። በፈቃዱ የተዋረደና በጉልበት የተዋረደ ሰው እኩል አይታረቁም። በተለይ ድብደባና ሌላም ወንጀል ያለበት ጉዳይ በእርቅ ስም እንዳይሸፈን፣ ለሕግ የሚገባው ለሕግ ይቅረብ። ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ እርቅ ዋስ ብቻ ሳይሆን የዋስ ተተኪም እንሰይም። አራተኛ፣ እርቁ በተደረገ በሦስት ወሩና በዓመቱ ሄደን ቤቱን እንጎብኝ። ቡና ይዘን መሄድ ይበቃል፤ የምንጠይቀውም ከእርቁ ወዲህ እንዴት ከረማችሁ የሚለውን ብቻ ነው።

ዘውዲቱን በመቀሌ ሄዶ እንዴት ከረምሽ ያላቸው ሽማግሌ መኖሩን ታሪክ አልጻፈልንም። በእኛ መዝገብ ላይ ግን ይህ ጥያቄ ቢጻፍ፣ መልሱም ከአጠገቡ ቢጻፍ፣ እርቃችን ከድግሱ ቀን አልፎ ይሄዳል ብዬ አምናለሁ።

የማኅበሩ አባል፣ ከመንዝ